መብራት ሲሄድ የተጎዳ የሊኑክስ ዲስክ እንዴት ይጠገናል? ጥገናውስ ምን ይመልሳል?

መግቢያ

እንደሚታወቀው ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ተወልዶ «መብራት ሄደ» የምትለዋን ቃል ሳይሰማ ያደገ ልጅ የለም። በተለይ ክረምት ላይ፣ ጦሳ ደመና ለብሶ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም፣ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ሰው ሁሉ እጁ ወደ «ሴቭ» ይሮጣል። ነገሩ የእኛ ከተማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. አገሪቱ በሙሉ መብራት በፈረቃ ታገኝ ነበር። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ደግሞ የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ በመቀነሱ ፈረቃው ተመልሶ መጥቶ ነበር። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ግድቡ የቱንም ያህል ቢያመነጭ በሰፈራችን አንድ ምሰሶ ከወደቀ ወይም አንድ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ቤታችን ያለው ኮምፒዩተር መጥፋቱ አይቀርም።

ውድ አንባብያን፣ «ይሄ የኮምፒዩተር ሳይንስ ልጆች ሥራ አይደል እንዴ? ጋዜጠኛ ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። ያገባዋል። የእኛ ሙያ ጥሬ ዕቃ ድምፅና ጽሑፍ ነው። ቃለ መጠይቅ እንቀዳለን፣ ኮምፒዩተር ላይ እንገለብጣለን፣ በኦዳሲቲ እንቆርጣለን። ሊኑክስ በነፃ ስለሚገኝና አሮጌ ማሽን ላይም ስለሚሠራ ከመካከላችን ኡቡንቱ የጫነ ጥቂት አይደለም። ታዲያ አንድ ቀን ማሽኑ አልነሳም ብሎ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲያወጣ የምንሠራው የመጀመሪያው ሥራ የቃለ መጠይቁን ዕጣ ይወስናል።

በዚህች ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለማየት እሞክራለሁ። አንደኛ፣ መብራት ሲሄድ ዲስኩ ውስጥ ምን ይፈጠራል? ሁለተኛ፣ ጥገናው በምን ቅደም ተከተል ይካሄዳል? ሦስተኛ፣ ጥገና የሚመልሰውና የማይመልሰው ምንድን ነው? ትእዛዞቹን እንደ አነባበባቸው በግዕዝ ፊደል ጽፌአቸዋለሁ። ኮምፒዩተሩ ላይ ግን በትልቅ ፊደል ከሚጻፉት ከ«-ኤች» እና ከ«-ኤል» ምርጫዎች በስተቀር በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው የሚጻፉት፤ ለምሳሌ «ኤፍኤስሲኬ» ስል ኤፍ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ኬ የሚባሉትን አራት ፊደላት ማለቴ ነው።

1. መብራት ሲሄድ ዲስኩ ውስጥ ምን ይፈጠራል?

አንድ ፋይል ላይ አንዲት አረፍተ ነገር ስንጨምር ኮምፒዩተሩ አንድ ቦታ ብቻ የሚጽፍ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሦስት ቦታ ሊጽፍ መቻሉ ነው። በመጀመሪያ ራሱ ጽሑፉ ብሎክ በሚባል የዲስክ ክፍል ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ የትኛው ብሎክ እንደተያዘና የትኛው ባዶ እንደሆነ የሚያሳየው ካርታ ይስተካከላል። ሦስተኛ፣ አይኖድ የሚባለው የፋይሉ መዝገብ ይታደሳል፤ እሱም የፋይሉን መጠን፣ ባለቤቱንና ብሎኮቹ የት እንዳሉ የሚናገር ነው። ፋይል ሲስተም ማለት የእነዚህ ሁሉ መዝገቦችና የይዘቱ አደረጃጀት ነው።

መብራቱ አንዱ ተጽፎ ሌላው ሳይጻፍ ቢሄድስ? መዝገቦቹ እርስ በርስ ይጣላሉ። ካርታው «ይህ ብሎክ ባዶ ነው» ይላል፣ አይኖዱ ደግሞ «የለም፣ የእኔ ነው» ይላል። ሌላ ፋይል መጥቶ እዚያው ብሎክ ላይ ከተጻፈበት ያን ጊዜ ጉዳቱ ይብሳል። የዲስክ ጥገና ማለት በመሠረቱ ይህን ጠብ ማስታረቅ ነው።

በዚያ ላይ ሊኑክስ የምንጽፈውን ሁሉ ወዲያው ዲስክ ላይ አያወርድም። ለፍጥነት ሲል ራም ላይ ያቆየውና ሰብስቦ ይጽፋል፤ የዘገየው ጽሑፍ ዲስክ እስኪደርስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሊፈጅ ይችላል። ራም ደግሞ መብራት ሲሄድ አብሮ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ «ተቀምጧል» የተባለ ነገር ሁሉ ዲስክ ላይ ደርሷል ማለት አይደለም።

2. ጆርናል፦ ስሙ ለእኛ ባዕድ ያልሆነ ዘዴ

ሬሚ ካርድ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ኢኤክስቲ2 የተባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ለዚህ ጠብ መፍትሔ አልነበረውም። መብራት በሄደ ቁጥር ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር መፈተሽ ነበረበት፤ ዲስኩ ትልቅ ከሆነ ፍተሻው ረጅም ሰዓት ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 በስቲቨን ትዊዲ ሥራ ኢኤክስቲ3 ወደ ሊኑክስ ሲገባ ጆርናል የሚባለው ዘዴ አብሮ መጣ። በ2008 መጨረሻ የተከተለውና ዛሬ አብዛኞቻችን ኡቡንቱ ላይ የምናገኘው ኢኤክስቲ4ም ጆርናል አለው።

ጆርናልን ለመረዳት የእድር ጸሐፊ እናስብ። ጸሐፊው ትልቁን መዝገብ ከመንካቱ በፊት በትንሽ ደብተር ላይ «ከእገሌ 100 ብር ተቀብዬ በእገሌ ገጽ ላይ ልጽፍ ነው» ብሎ ያሰፍራል። ከዚያ ትልቁን መዝገብ ያስተካክላል። ሲጨርስ ትንሿ ደብተር ላይ ምልክት ያደርጋል። መሀል ላይ ሰው ቢጠራው ወይም ኩራዙ ቢጠፋበት በማግስቱ ትንሿን ደብተር ከፍቶ ያላለቀውን ይጨርሳል። የመዝገቡን ገጽ ሁሉ ከመጀመሪያው እያገላበጠ መፈተሽ አያስፈልገውም። ኮምፒዩተሩም መብራት ከመጣ በኋላ ሲነሳ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በጥቂት ሴኮንዶች ጆርናሉን አንብቦ ያላለቀውን ሥራ ይፈጽማል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኢኤክስቲ4 በተለመደው አሠራሩ ጆርናሉ ላይ የሚያሰፍረው የመዝገቦቹን ለውጥ ብቻ ነው፤ የፋይሉን ይዘት አያሰፍርም። ማለትም ጆርናል የሚጠብቀው መዝገቡን እንጂ የእናንተን ቃለ መጠይቅ አይደለም። ይህ በተግባር የታየው እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ ነው። አዲሱን ኢኤክስቲ4 የሞከሩ የኡቡንቱ ተጠቃሚዎች ማሽናቸው በድንገት ከጠፋ በኋላ ሲያስነሱት ዲስኩ ደህና ሆኖ ሳለ በቅርብ የተጻፉ ፋይሎቻቸው ዜሮ ባይት ሆነው አገኟቸው። ስሙ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው። የኢኤክስቲ4 ዋና አዘጋጅ ቲዎዶር ትሶ አደጋውን የሚቀንስ ማስተካከያ ጨመረበት፤ መሠረታዊው ነገር ግን ዛሬም እንዳለ ነው።

3. ጥገናው በቅደም ተከተል

ጆርናሉ ብቻውን ነገሩን ካልፈታው፣ ወይም መብራቱ ሲመለስ በኃይለኛ ቮልቴጅ መጥቶ ዲስኩን ራሱን ከጎዳው፣ ማሽኑ መነሳት ያቆምና «ኤፍኤስሲኬን በእጅህ አሂድ» የሚል መልእክት ያወጣል። በዚህ ጊዜ የሚከተለውን ቅደም ተከተል መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሀ) አትቸኩሉ። ማሽኑን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት የታመመ ዲስክን ያብሳል። መብራቱ ገና እየሄደ እየመጣ ከሆነ ጥገና አትጀምሩ፤ መብራት በጥገናው መሀል ከሄደ ከመጀመሪያው የከፋ ጉዳት ሊያስከትል ይችላልና። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ተዋሱ። መልእክቱን በሞባይል ፎቶ አንሱት፤ የተጎዳው የዲስክ ክፍል ስም እዚያ ላይ ተጽፏል። ለዚህ ጽሑፍ ያህል ክፍሉ «/ዴቭ/ኤስዲኤ2» ነው እንበል።

ለ) ከሌላ ሊኑክስ ተነሱ። የኡቡንቱ መጫኛ ያለበት ፍላሽ ሰክታችሁ ሳትጭኑት «ልሞክረው» የሚለውን ምረጡ። ለምን ቢባል፣ ኤፍኤስሲኬ ሥራ ላይ ባለ ወይም በተለመደው አነጋገር ማውንት በሆነ ክፍል ላይ ፈጽሞ መሄድ የለበትም። የእድሩ ጸሐፊ እየጻፈ ሌላ ሰው በዚያው ገጽ ላይ እየሰረዘ ቢያርም ምን እንደሚፈጠር መገመት ነው። «ኤልኤስቢኤልኬ -ኤፍ» የሚለው ትእዛዝ ክፍሎቹን፣ ዓይነታቸውንና ማውንት መሆን አለመሆናቸውን ይዘረዝራል። ማውንት ከሆነ «ዩማውንት» በሚለው ይለቀቃል፤ አጻጻፉ ላይ ከዩ ቀጥሎ ኤን እንደሌለ አስተውሉ።

ሐ) ዲስኩ ራሱ ጤነኛ ነው? «ስማርትሲቲኤል -ኤች /ዴቭ/ኤስዲኤ» ብላችሁ ጠይቁት፤ ትእዛዙ ከሌለ ስማርትሞንቱልስ የሚባለውን ጥቅል መጫን ነው። ዲስኩ እየተንቋቋ ከሆነ ወይም የስርዓቱ መልእክቶች ላይ «አይ/ኦ ኤረር» የሚለው ከበዛ በሽታው የመዝገብ ጠብ ብቻ አይደለም፣ አካሉ ተጎድቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ኤፍኤስሲኬን ተዉት። ሰፋ ያለ ሌላ ዲስክ ፈልጋችሁ «ዲዲሬስኪው» በተባለው ፕሮግራም ሙሉ ቅጂ አንሱ። ይህ ፕሮግራም በቀላሉ የሚነበበውን መጀመሪያ ወስዶ አስቸጋሪውን ለኋላ ያቆያል። ጥገናው ከዚያ በኋላ በቅጂው ላይ ይሁን።

መ) ከመጠገን በፊት መቅዳት። ዲስኩ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ ይህን አትዝለሉት። «ማውንት -ኦ አርኦ,ኖሎድ /ዴቭ/ኤስዲኤ2 /ኤምኤንቲ» ሲባል ክፍሉ ለማንበብ ብቻ ይከፈታል። «ኖሎድ» የተጨመረው ያለምክንያት አይደለም፤ ለማንበብ ብቻ ተብሎ ቢከፈትም ሊኑክስ ጆርናሉን ለመፈጸም ሲል ዲስኩ ላይ ሊጽፍ ይችላል፣ ይህ ቃል ግን ይከለክለዋል። ከተከፈተ ድምፆቹን፣ ጽሑፎቹንና ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡና «ዩማውንት» አድርጉ። ካልተከፈተ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ሠ) ሳይነኩ ማየት። «ኢ2ኤፍኤስሲኬ -ኤፍ -ኤን /ዴቭ/ኤስዲኤ2» ምንም ሳይቀይር ስህተቶቹን ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ቢረዝም አትደንግጡ፤ በዚህ መንገድ ሲሄድ ጆርናሉን ስለማይፈጽም ከትክክለኛው በላይ ስህተት ሊያሳይ ይችላል።

ረ) መጠገን። መጀመሪያ «-ፒ» የሚለውን ምርጫ ሞክሩ፤ ይህ ያለ አደጋ የሚስተካከለውን ብቻ አስተካክሎ ከባድ ነገር ሲያጋጥመው ይቆማል። ከቆመ «ኢ2ኤፍኤስሲኬ -ኤፍ» ብላችሁ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አንብባችሁ መልሱ። ብዙ ሰው «-ዋይ» ይጨምርና ለሁሉም ጥያቄ አስቀድሞ «አዎ» ይላል። ቅጂ ከተያዘ ይሄ ችግር የለውም። ቅጂ ሳይኖር ግን፣ «ይህ መዝገብ ይሰረዝ?» ለሚል ጥያቄም «አዎ» ማለት ነው እኮ! ሲጨርስ እንደገና አሂዱት፤ ንጹሕ ነው እስኪል ድረስ።

ሰ) ሱፐርብሎክ ከተበላሸ። ሱፐርብሎክ የፋይል ሲስተሙ የፊት ገጽ ነው፤ እሱ ካልተነበበ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ይመስላል። ደግነቱ መጠባበቂያ ቅጂዎች በዲስኩ ልዩ ልዩ ቦታ ተቀምጠዋል። ብሎኩ 4096 ባይት በሆነ ዲስክ ላይ በተለመደው አሠራር የመጀመሪያው መጠባበቂያ በብሎክ ቁጥር 32768 ላይ ይገኛል። «ኢ2ኤፍኤስሲኬ -ቢ 32768 /ዴቭ/ኤስዲኤ2» ሲባል ጥገናው ከዚያ ቅጂ ይነሳል። ዲስኩ ባዶ መሰለን ብሎ ፎርማት ማድረግ ስንቱን ሥራ በከንቱ ያጠፋል።

እስካሁን ያልነው ለኢኤክስቲ ቤተሰብ ነው። «ኤልኤስቢኤልኬ -ኤፍ» ያሳያችሁ ዓይነት ኤክስኤፍኤስ ከሆነ ኤፍኤስሲኬ ምንም አይሠራለትም፤ መጠገኛው «ኤክስኤፍኤስ_ሪፔር» ነው። እሱም «-ኤል» የሚል ምርጫ አለው፤ ያልተፈጸመውን ጆርናል ጠራርጎ የሚጥል ስለሆነ ሌላ መንገድ ሁሉ ሲያልቅ ካልሆነ በስተቀር አይነካም።

4. ከጥገና በኋላ፦ ስም የሌላቸው ፋይሎች

ጥገናው ሲያልቅ «ሎስት+ፋውንድ» የሚባለውን ፎልደር መክፈት አይዘንጋ። ኤፍኤስሲኬ ይዘታቸው ተገኝቶ ስማቸውና ቦታቸው የጠፋባቸውን ፋይሎች እዚያ ያስቀምጣቸዋል። ስማቸው ቁጥር ብቻ ነው። «ፋይል» የሚለው ትእዛዝ ድምፅ ይሁን ፎቶ ወይም ጽሑፍ ዓይነቱን ይነግራል። የቀረውን በጆሮ መለየት ነው።

አንድ የሰፈሬ ልጅ ባለፈው ክረምት የገጠመው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ልጁ አያቱ በ1977ቱ ድርቅ ያዩትን ሲያወሩ በመቅጃ ቀድቷል፤ በድምሩ 14 ፋይል። ወደ ዴስክቶፑ ሲያዛውር ኮፒ ሳይሆን «ከት» አድርጎ ነበር፤ ማለትም እያንዳንዱ ፋይል እንደተዛወረ ከመቅጃው ካርድ ላይ ይሰረዛል። በመሀሉ መብራት ሄደ። ማሽኑ ለቀናት ሳይነሳ ቆየ፤ ካርዱ ላይም በዚህ መሀል ሌላ ነገር ተቀዳበት። ኋላ ላይ ኮምቦልቻ የሚማር ጓደኛችን መጥቶ ከላይ በዘረዘርኩት መንገድ ዲስኩን ጠገነው። 11 ፋይል ሙሉ ሆኖ ተገኘ። 2ቱ ሎስት+ፋውንድ ውስጥ ነበሩ፤ ከፍተን ስንሰማቸው የአያትየው ድምፅ ስለሆነ ስማቸው ተመለሰላቸው። አንዷ ግን ስሟ በቦታው ነበር፣ መጠኗ ዜሮ። ኤፍኤስሲኬ ስለ እሷ አንዳች ስህተት አላወጣም፤ በመዝገብ ደረጃ ዜሮ ባይት ያለው ፋይል ትክክለኛ ፋይል ነውና። አያትየው በጥር ወር አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ያቺን ክፍል ደግሞ የሚያወራ ሌላ ሰው የለም።

5. ጥገና የማይመልሰው

ከዚህ የምንረዳው ኤፍኤስሲኬ «ንጹሕ ነው» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ነው። መዝገቦቹ ተስማምተዋል ማለቱ ነው፤ ሥራችሁ በሙሉ አለ ማለቱ አይደለም። እንዲያውም መዝገቦቹን ለማስማማት ሲል ከሁለቱ ተጣይ ወገኖች አንዱን ሊሰርዝ ይችላል። የእሱ ሥራ ዲስኩ እንደገና እንዲያገለግል ማድረግ ነው። ይዘቱን የሚጠብቀው ሌላ ቦታ ያለ ቅጂ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚሆኑ ጥቂት ልማዶችን ልጠቁም። ከመቅጃ ወደ ኮምፒዩተር ስናዛውር ኮፒ እንጂ ከት አይሁን፤ ካርዱም ቅጂው ተከፍቶ ሳይሰማ አይሰረዝ። ገልብጠን ስንጨርስ «ሲንክ» የምትለውን ትእዛዝ ጽፈን እስክትመለስ እንጠብቅ፤ ራም ላይ የቆየውን ሁሉ ወደ ዲስክ እንዲወርድ ታደርጋለች። ዴስክቶፕ ያለው ሰው ዩፒኤስ ቢኖረው መልካም ነው፤ ነገር ግን የዩፒኤስ ባትሪ ያረጃል፤ አልፎ አልፎ መፈተን ይገባዋል። መብራት እንደሄደ ማሽኑን ከሶኬት መንቀል፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መሰካት ምንም ወጪ የለውም።

ቅጂው የት ይቀመጥ የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያለ ፍላሽ ከመብራት መጥፋት ያድን ይሆናል፤ ከሌባና ከእሳት ግን አያድንም። «የደሴውን ቅጂ ኮምቦልቻ፣ የኮምቦልቻውን ደሴ እናስቀምጥ» የሚል ሐሳብ ስንጨዋወት ተነስቶ ነበር፤ ብልህ ሐሳብ ነው። ሆኖም የ2014 ዓ.ም.ን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ሁለቱም ከተሞች በቀናት ልዩነት በጦርነቱ ተያዙ፣ እስከ ኅዳር 27 ድረስም በዚያው ቆዩ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱም ግቢዎች፣ የደሴውም የኮምቦልቻውም፣ ዘረፋና ውድመት ደርሶባቸዋል። ተነቅሎ ለተወሰደ ኮምፒዩተር የሚሆን የጥገና ትእዛዝ የለም። ስለዚህ ሦስተኛው ቅጂ ከዚህ መስመር ወጣ ብሎ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ፣ ወይም በኢንተርኔት ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ መብራት ሲሄድ የሚጎዳው በአብዛኛው የዲስኩ መዝገብ ነው፤ ጆርናል ይህን ጉዳት ይቀንሰዋል፣ ኤፍኤስሲኬ ደግሞ የቀረውን ያስታርቃል። ቅደም ተከተሉ፦ መረጋጋት፣ ከሌላ ሊኑክስ መነሳት፣ የዲስኩን ጤና መመርመር፣ መቅዳት፣ ሳይነኩ ማየት፣ ከዚያ በኋላ መጠገን የሚለው ነው። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱን ብቻ አስታውሱ የሚለኝ ቢኖር «መቅዳትን» እላለሁ፤ ትእዛዙ ቢረሳ ከጓደኛ ይጠየቃል፣ የሰው ድምፅ ግን አንዴ ካመለጠ ከማንም አይጠየቅም።

የዲፓርትመንታችን መምህራንና ተማሪዎች፣ በየፍላሹና በየሞባይሉ የተበተኑትን የመስክ ቅጂዎቻችንን አንድ ላይ የምናሰባስብበትና በሁለት ቦታ የምናስቀምጥበት መንገድ ቢፈለግ እያልኩ ሐሳቤን እዚህ ላይ እገታለሁ። ይህን ለመጀመር አንድ ተጨማሪ ዲስክና ፈቃደኛ የሆኑ ሁለት ተማሪዎች ይበቃሉ፤ አንደኛው እኔ ነኝ። ቸር ይግጠመን።